ባዶ ሆዴ ምስክሬ ነው

በባዶ ሆዴ ስኳር ተለክቼ «ምን በልተሽ ነው?» የተባልሁ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም፤ አልቅሼ ጨርሻለሁ። የምጽፈው ዛሬ እንደኔ ከሐኪም ፊት ተቀምጦ፣ እውነቱን ተናግሮ፣ ሐሰተኛ የተባለ ሰው ካለ ከወንበሩ እንዳይነሣ ነው።

ዝማም እባላለሁ። በልጅነቴ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጡት አይሁድ አንዷ ነኝ። ኔታንያ ውስጥ፣ ዐጋሚም በሚባለው አዲሱ ሰፈር፣ ከባለቤቴ ከአዳነ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነበር። ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ተነሥቼ ቃዲማ ዞራን ደርሼ እመለሳለሁ። ሴት፣ ያውም ጥቁር ሴት፣ ያን የሚያህል አውቶቡስ ስታዞር አፉን ከፍቶ የሚያይ አይጠፋም። ይየኝ እያልሁ እነዳ ነበር።

ሕመሙ በውኃ ጥም ጀመረ። በጋ ስለነበር ማንንም አልገረመም። ትልቁን የውኃ ጠርሙስ ቃዲማ ሳልደርስ እጨርሰዋለሁ፤ ስመለስ ሌላ እከፍታለሁ፤ ምላሴ ግን እንደ ደረቅ ቆዳ ነው። ጥሙ ብቻ ቢሆን በማን ዕድል፤ የጠጣሁት ወዲያው ልውጣ ይላል። ሽንት ይዞት መሪ የጨበጠ ሰው ብቻ ያን መከራ ያውቀዋል። አንድ ቀን ጨነቀኝና ከአንድ ዳቦ ቤት በር ላይ አውቶቡሱን አቁሜ፣ «ይቅርታ፣ መጣሁ» ብዬ ሮጥሁ። ስመለስ አንዱ ተሳፋሪ፣ «ይህ አውቶቡስ ነው ወይስ የቤትሽ መኪና?» ብሎ ጮኸብኝ።

«የቤቴ መኪና ቢሆን ኖሮ አንተን አልጭንም ነበር» አልሁት። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁና ሞተሩን አስነሣሁ።

ክሊኒክ ስሄድ ተረኛው ሐኪም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው አለና አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። ጨረስሁት፤ የተለወጠ ነገር የለም። ከዚያ ዐይኔ ይደበዝዝ ጀመር። መነጽር ሻጩ ለካኝና «ዕድሜ ነው» አለ። ያደረገልኝ መነጽር ሰኞ አጥርቶ ያሳየኛል፤ ኀሙስ ደግሞ ያደናግረኛል። ዐይን የሚለዋወጠው ስኳሩ ከፍ ዝቅ ሲል መሆኑን ያን ጊዜ የነገረኝ የለም። እናና ብዬ የምጠራት እናቴ ደግሞ የራሷን ምርመራ አደረገች። «ልጄ፣ የሰው ዐይን ነው የበላሽ። እዚያ ከፍታ ላይ ተቀምጠሽ ስትሄጂ ስንቱ ያይሻል!» አለችኝ። ኢንፌክሽን፣ ዕድሜ፣ የሰው ዐይን። ሦስቱም አልነበረም።

የቤተሰብ ሐኪሜ የደም ምርመራ አዘዘና፣ በጾም ነይ ተባልሁ። በዕብራይስጥም ቃሉ ያው ጾም ነውና እኔ እንደኛ ጾም አደረግሁት። ከዋዜማው ጀምሬ ውኃም በአፌ አልዞረም። በማግስቱ በጠዋት መጠበቂያው ሞልቷል፤ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጥሬ እስኪጠራ ቆምሁ። ነርሷ ደም ሥሬን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ውኃ አለመጠጣቴን ስትሰማ ራሷን ያዘች።

«ማን ከለከለሽ? የሚከለከለው ምግብ ነው! ውኃ ጠጪ!» ብላ በብርጭቆ ቀድታ በራሷ እጅ አጠጣችኝ። ያቺን ሴት አልረሳትም። እናንተም ይህን ያዙልኝ፦ ለዚህ ምርመራ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምግብ አይበላም፤ ሻይና ቡናም ይቅር፤ ንጹሕ ውኃ ግን ይጠጣል።

ውጤቱ መቶ አርባ ስምንት ሆነ። ሐኪሙ እንዲህ አስረዳኝ፤ በዚህ እንኳ አላማውም። በጾም የተለካ ስኳር ከመቶ በታች ከሆነ ደኅና ነው። ከመቶ እስከ መቶ ሃያ አምስት ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሽታው ገና አልያዘም፣ ግን ከደጅ ቆሟል። መቶ ሃያ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ከሆነ፣ ስኳር በሽታ ይባላል። የኔ ሲደገም መቶ ስድሳ አንድ ሆነ።

«ዓይነት ሁለት ስኳር ነው» አለ ሐኪሙ። «ኤጽልኬም የተለመደ ነው። ያን እንጀራችሁን ቀንሱ።»

«ኤጽልኬም» ማለት «እናንተ ዘንድ» ማለት ነው። እዚህ አገር ያደገ ሐበሻ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። እናንተ ዘንድ እንዲህ ነው፣ እናንተ ዘንድ እንዲያ ነው። እኔን ሳያየኝ እናንተን አየ። ያን ቀን ግን ፈርቼ ነበር። ክኒኑን ተቀብዬ ወጣሁ።

ያዘዘኝን ሁሉ አደረግሁ። እንጀራውን ተውሁት። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ጭማቂ ተውሁ። ከሥራ ስመለስ በሰፈራችን ሐይቅ ዙሪያ እግሬ እስኪዝል እሄዳለሁ። ሰውነቴ ይቀልጥ ጀመር። የሥራ ሱሪዬ በቀበቶ ካልታሰረ አይቆምም። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቁሞኝ፣ «ኮል ሃካቮድ!» አለ፤ ጎበዝ ማለቱ ነው።

«እኔ ልክሳ ብዬ አይደለም እኮ» አልሁት። «ደረጃ መውጣት አቅቶኛል።»

«ትለምጂዋለሽ። ቀጥዪበት።»

የጠዋቱ ስኳር ግን ሰውነቴ ሲወርድ እሱ ይወጣል። መቶ ዘጠና፣ ሁለት መቶ አሥር። ክኒኑ ተጨመረ፤ ቁጥሩም ተጨመረ። ሐኪሙ ከኮምፒውተሩ ዐይኑን አንሥቶ፣ ወንበሩን ወደኔ ሳብ አድርጎ፣ ልጅ እንደሚያባብል በለስላሳ ድምፅ፣

«ዝማም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን በልተሽ ነው?» አለኝ።

«በጾም ነው የመጣሁት።»

«ማታስ?»

«እንቁላልና ኪያር።»

ፈገግ አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ፈገግታ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

የባሰው ግን ቤቴ ውስጥ ጠበቀኝ። አዳነ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ሐኪም የተናገረው ሁሉ ለሱ ሕግ ነው። አንድ ቀን የሥራ ቦርሳዬን ሲፈትሽ ያዝሁት።

«ምን ጠፋህ?»

ቦርሳውን ዘግቶ አስቀመጠና፣ «ተደብቀሽ ትበያለሽ?» አለኝ። «አልቆጣም። ንገሪኝ ብቻ።»

ከአዳነ ጋር ስንኖር ብዙ ተጣልተናል። እንደዚያ ቀን ግን ደሜ ፈልቶ አያውቅም። ባዕድ ሰው ባያምነኝ አንድ ነገር ነው፤ አንድ መሶብ የምንቀርበው ሰው ቦርሳዬን ሲበረብር ምን እላለሁ?

«በል» አልሁት። «ዛሬ የምበላውን በራስህ እጅ ታቀርብልኛለህ። ከዚያ በኋላ ከአጠገቤ አትለይም። ሲነጋ ራስህ ትለካኛለህ።»

እንዳልሁት አደረገ። እራቴን አቅርቦ፣ ሳህኑን አንሥቶ፣ ወጥ ቤቱን ዘግቶ ከጎኔ ሆነ። ሲነጋ ጣቴን ወግቶ ደሜን መለኪያው ላይ አደረገ። ሁለት መቶ አርባ ሦስት። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብሎ እጄን በሳሙና አጥቦ ሌላ ጣት ወጋ። ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። አዳነ ነገር አያበዛም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ መሬት መሬት ካየ በኋላ፣ «አጥፍቻለሁ» አለ። «ልበሺ፤ ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

ያለ ቀጠሮ ገባን። ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት እኔ ጀመርሁ።

«ካልበላሁ ይህ ስኳር ከየት መጣ?»

«ጉበት ሌሊት ስኳር ትለቃለች። ያጋጥማል» አለ።

«ታዲያ የምትወቅሰው ጉበቴን ነው ወይስ እኔን?»

ክኒን ልቀይርልሽና ከጥቂት ወር በኋላ እናያለን እያለ ይጽፍ ጀመር። ያን ጊዜ በውስጤ የሆነ ነገር ቁርጥ አለ።

«ጥቂት ወር የለኝም። እየመነመንሁ ነው። ሌላ ምርመራ እስክታዝልኝ ወይም የስኳር ስፔሻሊስት ዘንድ እስክትልከኝ አልነሣም።»

«ውጭ ሰው ይጠብቃል።»

«ይጠብቅ። እኔም ስጠብቅ ነው የከረምሁት።»

በሩ ተንኳኳ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አዳነ እጁን አጣምሮ በሩ አጠገብ ቆመ፤ «እሷ ካልተነሣች እኔም ከዚህ አልሄድም» አለ። ሐኪሙ ተነፈሰና ወደ ስፔሻሊስት የሚልከኝን ወረቀት አተመ።

የስፔሻሊስቷ ቶር፣ ቀጠሮው ማለት ነው፣ ሩቅ ነበር። በየጠዋቱ እየደወልሁ «የተሰረዘ ቶር አለ?» እላለሁ። የስልክ ሠራተኛዋ ድምፄን ለምዳ «ዛሬም የለም፣ ነገ ደውዪ» ትለኛለች። ሰውነቴ ግን እስከ ቀጠሮው አልጠበቀኝም።

አንድ ጠዋት ጣቢያው ውስጥ አውቶቡሱ ላይ ተቀምጫለሁ። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ሳልሮጥ እንደሮጠ ሰው አለከልካለሁ፤ አፌ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ሰው ገብቶ ጨረሰ፤ ሞተሩን አስነሣሁ። በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየሁ። ተማሪዎች፣ ጠመንጃ የያዘች ወታደር፣ ሕፃን በጋሪ የያዘች እናት። ዐይኔ ብልጭ ጭልም አለብኝ። ሞተሩን አጠፋሁና በሮቹን ከፈትሁ።

«ውረዱ። ይህ አውቶቡስ አይሄድም።»

ጉርምርምታው ተነሣ። አንዱ ሥራ ረፍዶብኛል ይላል፣ ሌላው ስምሽን ንገሪኝ ይላል። ሁሉም ወርደው እስኪያበቁ መሪውን ጨብጬ ጠበቅሁ። ከዚያ ወርጄ የእግረኛው መንገድ ድንጋይ ላይ አስመለስሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ አምቡላንስ ጠሩልኝ። በነዳሁባቸው ዓመታት ሁሉ እጅግ የምኮራበት ጉዞ ያ ያልነዳሁት ነው።

የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል፣ ሚዩን የሚሉት ቦታ፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ቆዪ ተብዬ ነበር። አንዲት ነርስ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም ብላ ወደ ፊቴ ጎነበሰች፤ ትንፋሼን አሸተተች። አንድም ቃል ሳትጠይቀኝ አልጋዬን እየገፋች አስገባችኝ። ደሜ ወደ አሲድነት ተለውጦ ነበር። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳሩን መጠቀም ያቅተዋል፤ በደም ውስጥ ሞልቶ እያለ ይራባል። ስለዚህ ስቡን ያነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው ኬቶን የሚባል ነገር ሲበዛ ደሙን ይመርዘዋል። ትንሽ ብዘገይ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ነፍሴ ስትመለስ፣ ቀጠሮ ስጠብቅላት እንደከረምኋት ያለች የሆስፒታሉ የስኳር ስፔሻሊስት፣ ሩስያኛ ሩስያኛ የሚል ዕብራይስጥ የምትናገር ሴት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለች። ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«በጾም የሚለካው ስኳር የበላሽውን ብቻ አይናገርም። ጉበትሽ ስኳር ታስቀምጣለች፤ ሳትበዪ ስታድሪ አንጎልሽ እንዳይራብ ትለቅለታለች። በቃ፣ ይብቃሽ የሚላት ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ከሌለ ጉበት ማቆም አታውቅም። አንቺ እንቁላል ብትበዪም፣ ምንም ባትበዪም፣ ሲነጋ ስኳርሽ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ያ ቁጥር የሚናገረው ኢንሱሊን እንደጎደለሽ ነው እንጂ እንደዋሸሽ አይደለም።»

የደም ምርመራው የተናገረችውን አረጋገጠ። የገዛ ሰውነቴ መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠራውን ቆሽቴን እንደ ጠላት ይዞ ሲያጠቃው ከርሟል። ዓይነት አንድ ስኳር ነው፤ በትልልቅ ሰዎች ላይ ቀስ እያለ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜም ዓይነት ሁለት ነው እየተባለ የሚታለፍ። ለኔ የሚያሻኝ ኢንሱሊን ነበር።

ሐኪሟ ቀጥላ፣ «በዘመዶችሽ መካከል በወጣትነቱ ውኃ እየጠማው፣ እየከሳ የሞተ አለ?» አለችኝ። የለም አልሁ። እናና ራስጌዬ ተቀምጣ ነበር፤ ዕብራይስጡ አልገባትምና ተረጎምሁላት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ወንድሜ» አለች።

አርባ ዓመት ልጇ ሆኜ ስለዚህ ወንድሟ የሰማሁት ስሙን ብቻ ነው። ይርጋ ይባላል። እናና ስትዳር ገና ጎረምሳ ነበር። በሠርጓ ቀን ልጆቹ ማር ሰርቀው ሲበሉ እሱም በላ። ብዙም ሳይቆይ ውኃ ጥም ያዘው። ምንጭ ወርዶ እንደ ከብት በደረቱ ተኝቶ ይጠጣል፤ ተነሥቶ ጠማኝ ይላል። አጥንቱ ብቻ ቀረ፤ አጨዳው ሳያልቅ ተቀበረ።

«የሠርጉ ማር ገደለው አሉ» አለች እናና። «ሠርጉ የኔ፣ ማሩም የኔ። አማቶቼ ሳይቀሩ አሉኝ። እስከ ዛሬ ማር አልቀመስሁም።» ከዚያ የአልጋዬን ብረት ይዛ፣ «ጠይቂልኝ ልጄ፤ ማሩ ነው ወይ?» አለችኝ።

ሐኪሟ ጥያቄውን ስትሰማ ወደኔ ሳይሆን ወደ እናና ዞረች። «እሱን አልመረመርሁትም፤ የነገርሽኝ ግን የዚህ በሽታ መልክ ነው። ይህን በሽታ ማር አያመጣውም። ወንድምሽ ያጣው ኢንሱሊን ነው» አለች። ስተረጉምላት እናና አላለቀሰችም። «ማሩ አይደለም» አለች። ቆይታ ደግማ፣ «ማሩ አይደለም» አለች፤ ለሌላ ለማይታይ ሰው እንደምትናገር።

እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የተቆጣሁት። አንዲት ሙሽራ ዕድሜዋን ሙሉ ያልሠራችውን በደል ተሸክማለች። እኔም ልሸከመው ነበር።

አሁን በቀን ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን እወጋለሁ። እንጀራዬን በልክ እበላለሁ፤ ለምበላው ያህል ኢንሱሊን ማስላት ተምሬያለሁ። የጠዋት ቁጥሬ ከሰማንያ እስከ መቶ ሠላሳ እንዲሆን ነው ሐኪሟ የምትፈልገው፤ ለሌላው ሰው ሐኪሙ ሌላ ልክ ሊያወጣ ይችላል። ጉንፋን ሲይዘኝ፣ ስናደድ፣ እንቅልፍ ሳጣ ከፍ ይላል። ከሰባ በታች ከወረደ ደግሞ ያ ሳይውል ሳያድር የሚጥል አደጋ ነው፤ ወዲያው ጣፋጭ መውሰድ ነው። አንድ ቀን ከፍ ብሎ ቢገኝ ፍርድ አይደለም። እየደጋገመ ከፍ ካለ ግን፣ የታዘዛችሁትን እያደረጋችሁ፣ ሳትፈልጉ እየከሳችሁ ከሆነ፣ «ዓይነቱ በትክክል ታውቋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሐኪሙ ስድብ መስሎ ቢታየውም ጠይቁ።

የቤተሰብ ሐኪሜን አልቀየርሁትም። ብዙ ሰው ይገርመዋል። ከሆስፒታል ወጥቼ እሱ ዘንድ ስሄድ፣ «ሰው ይሳሳታል» አለኝ።

«መሳሳትህን ይቅር ብያለሁ» አልሁት። «እኔን አለማመንህን ግን ገና ይቅር አላልሁም። እስኪወጣልኝ እየመጣሁ ፊትህ እቀመጣለሁ።» እቀመጣለሁም። ከዚያ ወዲህ «ኤጽልኬም» ሲል አልሰማሁትም።

ኢንሱሊን ስለምወጋ አውቶቡስ እንዳልነዳ ተከልክያለሁ። ጣቢያው ውስጥ ቢሮ ተቀምጬ አውቶቡሶችን እመድባለሁ። አለቃዬ እዚህ ይሻልሻል፣ ወንበሩ ምቹ ነው ይለኛል። ምቾት አልጠየቅሁትም። ይግባኝ ብያለሁ፤ እምቢ ካሉኝም ደግሜ እላለሁ።

ባለፈው የአስተስርዮ ቀን፣ እዚህ ዮም ኪፑር በሚባለው ታላቁ ጾም፣ ሐኪሟ እንዳልጾም ነገረችኝ። ቄሳችንን፣ እኛም ካህኖቻችንን ቄስ ነው የምንለው፣ ጠየቅሁ፤ «እግዚአብሔር የሚፈልገው ሕያው ሰው ነው። ብዪ» አሉኝ። ቤቴ ትንሽ ቀምሼ፣ ነጭ ለብሼ ከእናና ጋር ጸሎት ቤት ዋልሁ። ከሰዓት በኋላ እየተመለስን ነው። መኪና የለም፤ ልጆች በብስክሌት አስፋልቱን ሞልተውታል፤ ጾመኛው ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖ በእግሩ ይሄዳል። እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ በጀርባዬ ይወርድ ጀመር። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተለካሁ። ስድሳ አንድ።

ከቦርሳዬ የወይን ጭማቂ አወጣሁ። እናና ወዲያ ወዲህ አየች። «ከሕንፃው ኋላ እንሂድ?» አለችኝ በቀስታ።

«አልደበቅም እናና።»

ጭማቂውን ከፍቼ አፌ ላይ አደረግሁ። አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ፊታችን ቆሙ።

«በአስተስርዮ ቀን!» አሉ።

እናና ከትናንት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰችም፤ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ወንበሩን ተደግፋ ተነሣችና ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አዎ፣ በአስተስርዮ ቀን!» አለች። ድምፅዋ ማዶ ላሉት ሁሉ ተሰማ። «ልጄ ናት። በሽታዋ ኢንሱሊን ማጣት ነው፤ ኢንሱሊኑ ሲበዛባት ደግሞ መድኃኒቷ ጭማቂ ነው። ትጠጣለች፤ እርስዎም ይዩ!»

ሽማግሌው መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ይማርሽ» አሉኝና አለፉ።

እኔ ከእሽጉ ውስጥ አንድ ጠብታ እስከማይቀር ድረስ ጠጣሁ። ጥቂት ቆይቼ ተለካሁ፤ ሰማንያ ስምንት። እናናን ክንዷን ያዝኋትና በአስፋልቱ መካከል ወደ ቤታችን ሄድን።